ቀድሞ የወረደ ሙሾ

ሮብ ገበያና ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ታየች ትጠራ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ታየች የምትቀድምበት ጊዜም አለ። አልቃሽ ናት፤ አልቃሽ ስል ደግሞ እንባ የሚቀናት ማለቴ አይደለም፣ እንባማ ለማንም ይቀናል። ታየች ሟቹን በሁለት ስንኝ አቁማ የምታሳይ፣ ለቀስተኛው ሁሉ «እውነትም እሱ!» እያለ ደረቱን እንዲደቃ የምታደርግ ሴት ነበረች። ለሬሳ አትዋሽም። አንድ እጁ የማይፈታ ሀብታም ገበሬ ሞቶ ልጆቹ «እትዬ ታየች፣ እባክዎ አባታችንን ከፍ ከፍ ያድርጉልን» ብለው ቢለምኗት፣ ድንኳኑ መሐል ቆመችና እንዲህ አለች፦

ጎተራው ሙሉ ነው፣ ከብቱም አልተነካ፣
ጌታው ግን ባዶውን ተጓዘ ወይ ለካ።

ልጆቹ ምን ይበሉ? ሙገሳ ነው ብለው አለቀሱ። ጎረቤቱም አለቀሰ፤ ከነጠላው ሥር የሳቀም ነበር ይባላል።

ከወለደቻቸው ሁሉ የተረፈችላት አንዲት ልጅ ማርያማዊት ናት። ታየች ለቅሶ የምትሄደው ልጅቱን አስከትላ ነው፤ ሲመለሱ ዳገቱን እያዘገሙ ትምህርት ይጀመራል። «ምኑን አየሽ?» ትላታለች። «ምርኩዙን» ትላለች ልጅ። «ምርኩዙ ምን ሆነ?» «በር ላይ ተደግፎ ቀረ።» «እህ! አሁን ጀመርሽ። ባለቤቱ ሄዶ ዕቃው ሲቀር ነው አንጀት የሚላወሰው። ስለ ሞት አታውሪ፣ ስለ ቀረው ዕቃ አውሪ።» ማርያማዊት ፊደል ቆጥራ ሳትጨርስ ቤት መምታት ቻለች።

ታየች ለዚህ ሁሉ ድካሟ ምክንያት ነበራት። «የአልቃሽ ለቅሶ ደረቅ ነው» ትል ነበር። ያስተማረቻት አሮጊት አልቃሽ ስትቀበር በዓይኗ አይታለች፤ አገር ያስለቀሰች ሴት፣ ሰው እርስ በርሱ እየተያየ፣ ስንኝ የሚያነሣላት ጠፍቶ በዝምታ አፈር ገባች። ያ ዝምታ ከታየች ጆሮ አልወጣም። «መሬትም ከብትም የማወርስሽ የለኝም» ትላታለች ልጇን። «ያለኝን ሰጥቼሻለሁ። ቀኔ ሲደርስ ቁሚልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።» ማርያማዊትም «እሺ እማዬ» ትላለች። ልጅ ለእናቱ እሺ የሚለውን ያህል በዓለም ላይ ቀላል ነገር የለም።

በ1993 ዓ.ም. ማርያማዊት ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ደብረ ማርቆስ ወረደች። ከአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ከእናቷ እየመጣላት ትማር ጀመር። በዚያ ዘመን ወጣቱ ከትምህርት ሲወጣ የሚጎርፈው ቪዲዮ ቤት ነው። በር ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከጎኑ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ማጉያ። ፊልሙን የሚያጫውተው እንዳላማው የሚባል ቀጭን፣ ዝምታ የማይወድ ጎረምሳ ነበር። የሚያስፈራ ፊልም ነፍሱ ነው። እንግሊዝኛው ለተመልካቹ አይገባም፤ ለእሱም አይገባውም፣ ግን ቆሞ ይተረጉማል። ሬሳ ከመቃብር ሲነሣ «ይሄ ሰውዬ የጎዛምን ሰው ነው፣ ድንበር ገፍተውበት ነው የተነሣው!» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ቀን እንዲሁ አንዲት ነጭ ሴት ፊልሙ ውስጥ ሞተች፣ የሚያለቅስላትም የለም። ማርያማዊት ከኋላ አግዳሚ ላይ ሆና፣ ምን እንደነካት ሳታውቅ፣ በእናቷ ዜማ ለሴትዮዋ ሙሾ አወረደችላት። ፀጉሯን አነሣች፣ ያለ ባለቤት የቀረውን ጫማዋን አነሣች። ቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጸጥ አለ፣ ከዚያ በጭብጨባ ተናወጠ። ሲወጡ እንዳላማው በር ላይ ያዛት። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ አልቃሽ ካለማ መሞትም አያስከፋም!» አላት። ሞት በዚያን ጊዜ ለሁለቱም የፊልም ነገር ነበር።

ከነሱ ጋር የገጠመው ሦስተኛው ጓደኛ አካለ ወልድ ነው። ዲማ ቅኔ ሲቆጥር የነበረ፣ ትምህርቱን ትቶ ከተማ የገባ፣ ጋቢውን ሳያወልቅ ጊታር የተማረ ልጅ ነው። ጊታሩን ያገኘው ከቀበሌው ዕቃ ቤት፣ ከደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ከተረፈው ዝገት መሐል ነው። የተበጠሱትን ክሮች በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተካቸው። እንዳላማው ደግሞ ከነዳጅ በርሜል፣ ከፍየል ቆዳና ከቆርቆሮ የራሱን ከበሮ ሠራ። ጠዋት ጠዋት፣ ፊልም ሳይጀመር፣ በቪዲዮ ቤቱ ማጉያ ይለማመዱ ነበር፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯቸው ይጮኻል። ስማቸውን «የጅብ ጥላ» አሉት፤ ክረምት ላይ ከፋንድያ ሥር ብቅ እንደሚለው፣ ማንም ዘርቶት እንደማያውቀው እንጉዳይ።

ፊታቸውን አመድ ይቀባሉ፣ ዓይናቸውን በከሰል ይኳላሉ፣ አቡጀዲ እንደ ከፈን ይለብሳሉ። ዘፈናቸው ስለ ጭራቅ፣ ስለ ጅብ፣ ከመቃብር ወጥቶ ሚስቱን ከባለጋራው ጋር ስላገኘ ሰውዬ ነው። ጊታሩ ሦስት ነገር ብቻ ያውቃል፣ ከበሮው የሸሸ በቅሎ ነው፣ ማርያማዊት ከላይ በሙሾ ዜማ ትጮኻለች። ለዕረፍት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ተማሪ ሰምቷቸው «ይሄማ ፓንክ የሚሉት የጩኸት ሙዚቃ ነው፣ ያውም የሚያስፈራው ዓይነት! ውጭ አገር አለ» አላቸው። ውጭ አገር መኖሩ ትንሽ ቅር አሰኛቸው። እነሱ ያመጡት መስሏቸው ነበር።

መጀመሪያ የተጫወቱት እዚያው ቪዲዮ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ለትምህርት መዝጊያ፣ ቀጥሎ ለገበያ ቀን ይጁቤ ላይ። አንዴ ሙዚቃ ነው የተባለውን ብቻ ሰምቶ ልጁን የሚድር ሰው ጠራቸው። ሙሽራዋ ስትገባ «ጭራቁ አጨሽ»ን ለቀቁት። የሙሽራዋ አያት ከዳስ ወጥተው በቅሏቸውን አስጫኑ፣ ሚዜዎቹ ግን እስኪያልባቸው ጨፈሩ። ሰርገኛው እስከ ዛሬ የሚያወራው ያንን ነው፤ ሙሽሮቹ ሰባት ልጅ ወልደዋል፣ ጭራቁም አልመጣም።

ካሴታቸውን ራሳቸው ቀዱ። ግድግዳው ድምፅ እንዲይዝ ብለው ድንች የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ገብተው፣ በአንድ ቴፕ፣ ተንፍሰው ሳይጨርሱ። እያንዳንዱን ቅጂ በእጃቸው አባዙት፣ ሽፋኑን አካለ ወልድ በቅኔ ቤት በተማረው ቁም ጽሕፈት ጻፈው፤ የራስ ቅል ከመሐል፣ ሐረግ ከዳር። ከአዲስ አበባ የመጣ የሙዚቃ ቤት ባለቤት «ድምፁን ወድጄዋለሁ፣ አመዱን ታጠቡና የፍቅር አድርጉልኝ» ቢላቸው፣ እንዳላማው «ጋሼ፣ ፍቅርማ ሁሉም ይዘፍነዋል፣ ለጅብ ማን አለው?» ብሎ መለሰው። ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። በዚያ ቀን እንደሳቁት ከዚያ በኋላ አልሳቁም ማለት ይቻላል።

ስማቸውን ያስጠራው ግን «ተነስ» ነው። የዘፈኑ ነገር እንዲህ ነበር። እንዳላማው በአቡጀዲ ተገንዞ ቃሬዛ ላይ ይጋደማል። ጊታሩ ዝም ይላል። ማርያማዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከራስጌው ትቆማለች፣ ጨዋታ በሌለበት ድምፅ እንዲህ ታወርዳለች፦

ከበሮው ሳይተኛ መቺው ምነው ተኛ፣
ድሮም አልነበረ እንዲህ እንቅልፈኛ።

ያኔ ሕዝቡ «ተነስ!» ይላል። ዝም። ሁለተኛ ታወርዳለች። «ተነስ!» ዝም። ሦስተኛው ላይ ልጁ ከፈኑን በጥሶ ይዘልና ከበሮውን ይወርድበታል፣ አዳራሹ ይቀወጣል። የእንዳላማው እናት ወለተ ኪዳን እንኳ፣ ሃይማኖተኛዋ ሴት፣ አንድ ቀን ጎረቤት ጎትቷት ገብታ አይታዋለች። መጀመሪያ ዓይኗን ሸፈነች። ልጇ ሲዘል ግን እልል አለች፣ ከዚያም በራሷ አፍራ አፏን ያዘች።

ማርያማዊት በዚያ ሁሉ ጊዜ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ መጥታ እንድትሰማት። ምን እንደምትዘፍን ግን አልነገረቻትም። «በትምህርት ቤት ሙዚቃ አለን» ብላ አለፈችው። እናቲቱ ሙሾ የሞተ ሰው ገንዘብ ነው ባይ ናት፤ በሕያው ሰው ላይ የወረደ ሙሾ ባለቤቱን ፍለጋ ይዞራል ትላለች። ልጅቱ ይህን ከጡት ጋር ጠብታዋለች። ግን በዚያ ዕድሜ እናት የምትለው ነገር ሁሉ ያገር ቤት ወሬ ነው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስምሽን ሲጠራ ደግሞ ማን ሟርት ያስታውሳል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ነገሩ ታየች ዘንድ የደረሰው አገር ካወቀው በኋላ ነው። በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ ሮብ ገበያ ላይ በገበያው ቀን፣ ታየች ጨው ልትገዛ ወጥታለች። አንዱ ባለ ሱቅ ቴፑን ከፍ አድርጎ ከፍቷል። በሰው ጫጫታ መሐል የልጇን ድምፅ ሰማች። ድምፁ ያለቅሳል። ቆመች። «ከበሮው ሳይተኛ» ሲል ሰማች፣ ከበሮ መቺውን እንዳላማውን ታውቀዋለች፣ ቤቷ መጥቶ ገንፎ በልቷል፣ «እናና» ይላታል። የቀረውን አልሰማችም። ጨውዋን እዚያው ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የተገኘው መኪና ላይ ተንጠላጥላ ደብረ ማርቆስ ገባች። ከመናኸሪያው ጀምራ እያነባች፣ ስንኝ እያወረደች፣ የእነ እንዳላማውን ግቢ በር በረገደችው።

ወለተ ኪዳን እህል ስታሰጣ ነበር። ሮብ ገበያ ያለች ስመ ጥር አልቃሽ የልጇን ስም እየጠራች ስትገባ ስታይ ምን ታስብ? ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች፣ አንዷ ፊቷን ነጨች። ያኔ እንዳላማው ከጓዳ ዳቦ እያኘከ ወጣና «ማን ሞተ?» አለ።

ከተማው ወር ሙሉ ሳቀ። ታየች ግን በቆመችበት ደረቀች። ዓይኗን ልጁ ላይ ተክላ ቆየች፣ ቀጥላ ወሬ ሰምታ የሮጠችውን ልጇን አየች። ጉንጯ ላይ የጠዋቱ አመድ አልለቀቀም።

«ይህን አንቺ ነሽ ያወረድሽው?»

«ጨዋታ ነው እማዬ። ሰው ይወደዋል።»

«ሲወለድ ያላየሽውን ልጅ በቁሙ ቀበርሽው፤ ጨዋታ ትዪኛለሽ?» አለች ታየች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «እኔ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ድምፅሽን አልሰማም። ስትዘፍኚም፣ ስታለቅሺም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እንዳላማው ተከትሏት «እናና፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ አይቀየሙን» እያለ እስከ መናኸሪያው ለመናት። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት እጇን ሰዳ ጭንቅላቱን ነካችው፤ መኖሩን የምታረጋግጥ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ስንቁ ይመጣል እንጂ ሰላምታ አይመጣም። ማርያማዊት ዘፈኑን እንተወው አለች፤ አካለ ወልድም እንደ እሷ ነበር። እንዳላማው አሻፈረኝ አለ። «እኔ ነኝ የምሞተው፣ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብሎ ሳቀ። እነሱም ሳቁ። ሰው ሲስቅ እምቢ ማለት ያስቸግራል።

ነሐሴ 1999 ዓ.ም. ነው። አገሩ ሁሉ ሚሌኒየሙን ለመቀበል ጉድ ጉድ ይላል፤ የጅብ ጥላም ይጁቤ ላይ በትልቅ ዝግጅት እንዲጫወት ተጠርቷል። መንገዱ ጭቃ ነው። ዕቃው በአይሱዙ ተጫነ። ሾፌሩ እንዳላማውን ጋቢና ግባ ቢለው፣ ከበሮዬ ይንከባለላል ብሎ ከላይ ወጣና በርሜሉን አቅፎ ተቀመጠ። ማርያማዊትና አካለ ወልድ በኋላ በሚመጣው ሚኒባስ ሊከተሉ ቀሩ። «በአመድ ጠብቁኝ!» ብሎ እጁን አወዛወዘላቸው። መኪናው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሾፌሩ ወጣ፤ በርሜሉም ሳይጎዳ ሜዳ ላይ ተገኘ። እንዳላማው ግን ከሥር ነበር።

ወለተ ኪዳን መርዶ ሲነገራት አላመነችም ይባላል። ማን ይፈርድባታል፣ አንዴ ተነግሯት ዳቦ እያኘከ ወጥቶላታል። ሬሳው መጥቶ ፊቱን እስክታይ ድረስ «ውጣ በሉት፣ ውጣ በሉት» ስትል ዋለች።

ታየችን ለማምጣት የሄደው አካለ ወልድ ነው። ሮብ ገበያ ደርሶ ደጇ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እንዳላማው ሞተ» አላት።

«ዘንድሮም?» አለችው። «ሂድ ልጄ። እኔ ለሱ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

«በዲማ ጊዮርጊስ እትዬ፣ እውነት ነው።»

«ያን ጊዜም እውነት ነበር» ብላ በሩን ዘጋችበት።

አካለ ወልድ መመለስ አቃተው። አጥሯ ሥር ቁጭ ብሎ ጋቢውን አፉ ውስጥ ወትፎ አለቀሰ። ታየች ከውስጥ ሰማችው። ለቅሶ ሙያዋ ነው፣ ነጋዴ ጥሬውን ከብስሉ እንደሚለይ ትለየዋለች። ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወጣች፣ ልጁንም ክንዱን ይዛ አነሣችው። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ጊዜው ሄዶ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ ድንኳኑ ሞልቷል። አስከሬኑ ከደጅ፣ ሣጥን ውስጥ ሆኖ አልጋ ላይ አርፏል። ከራስጌው ያን በርሜል አስቀምጠውታል፣ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። ከኋላ የተማሪው፣ የቪዲዮ ቤቱ፣ የይጁቤው ወጣት ሁሉ መጥቶ ቆሟል። አልቃሽ ይጠበቃል፤ አልቃሽ የለም። ያኔ ዓይን ሁሉ ማርያማዊት ላይ ሆነ። «ያልቃሽ ልጅ ናት፣ ጓደኛው ናት፣ ትቁምለት» ተባለ።

ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ለመናገር ፈልጋ አታውቅም። ስለ እንዳላማው ስንት ነገር አለ፣ ትርጉሙ፣ ዳቦው፣ የፍየል ቆዳው። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ያው ነው። ሌላ አልመጣላትም። የእሱ ሙሾ እሱ በሕይወት እያለ አልቆ ነበር።

ከበሮው ሳይተኛ መቺው ምነው ተኛ፣
ድሮም አልነበረ እንዲህ እንቅልፈኛ።

ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። ወጣቱ ግን ይህን ስንኝ የሚያውቀው በሌላ ነው፤ ለዓመታት አፉ የለመደው መልስ አለ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ አንዱ እያለቀሰ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ተነስ!» አለ። ሌላውም «ተነስ!» አለ። ከዚያ ሁሉም፣ ግቢው እስኪናወጥ፣ «ተነስ!»

ወለተ ኪዳን ያኔ ለቅሶዋን ቀጥ አደረገች። ቀና ብላ ሣጥኑን አየች። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም፤ ግን ማርያማዊት ከቅርብ ሆና ፊቷን አየችው። የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ዓይኗ በርቶ፣ አፏ ለእልልታ እንደተዘጋጀ ከፈት ብሎ፣ ልጇ ከፈኑን በጥሶ እንዲዘል ጠበቀች። አልዘለለም። ያ ብርሃን ከፊቷ ሲጠፋ ማርያማዊት አየች።

ያኔ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ታየች ነበረች፣ እግሯ ጭቃ በጭቃ ሆኖ።

ሲጫወት የሞተ ሲጫወት ተነሣ፣
እውነቱን ሲሞት ግን እኛን ሁሉ ረሳ።

እንዲህ እያለች ሰዉን ሰንጥቃ ገባች፣ ወለተ ኪዳንን አቅፋ ያዘቻት፤ ወለተ ኪዳንም ያኔ ነው የእውነቱን ያለቀሰችው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ታየች አላቋረጠችም። ለልጁ የሚገባውን ሁሉ ሰጠችው።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ እናትና ልጅ ደጅ ተቀመጡ። ማርያማዊት መሬት መሬት እያየች «ሙሾው ነው የገደለው?» አለች።

«የገደለው ጭቃ ነው» አለች ታየች። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን ገበያ ላይ ለምን ሞቷል ብዬ የሮጥኩ ይመስልሻል? የውሸት ለቅሶ ሳይ አላውቅም? ያንቺ ከአንጀት ነበር። በጨዋታም ያለቀስሽው ከአንጀት ነበር። እንደዚያ ያለ ድምፅ እኔም የለኝም።»

ማርያማዊት ስትመኘው የኖረችው ቃል ይህ ነው። መጣ፤ በማን ዋጋ እንደመጣ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ለኔ ግን ቁሚልኝ» አለች እናቲቱ።

«እሺ እማዬ።»

የጅብ ጥላ በዚያ አበቃ። አካለ ወልድ ዲማ ተመለሰና ቅኔውን ካቆመበት ጀመረ፤ ዛሬ መሪጌታ ነው፣ ጊታር ሲያነሡበት ወሬ ይቀይራል። ማርያማዊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። በሙያዋ ምስጉን ናት፣ አቡጀዲ ግን አትቆርጥም፤ ደንበኛ ሲያመጣላት ወደ ጎረቤት ትልከዋለች። ለቅሶ ትሄዳለች፣ ጥግ ትቀመጣለች። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፣ እንባውስ አልገደዳትም። የገደዳት ስንኙ ነው። የማንንም ሟች ስም ልታነሣ አፏን ስትከፍት ያ የወለተ ኪዳን ፊት ይመጣባታል፣ ቃሉም ይጠፋል። ለእናቷ አልነገረቻትም። እናቷም አልጠየቀቻትም፤ እሺ ተብላለችና።

ታየች በ2007 ዓ.ም. በጥር አረፈች። አገር ተነቅሎ መጣ። በእሷ ስንኝ አባቱን የሸኘ፣ እናቱን የሸኘ፣ ልጁን የሸኘ ሁሉ ሮብ ገበያ ላይ ቆመ። ወለተ ኪዳንም ከደብረ ማርቆስ በምርኩዝ መጣች። ፍትሐቱ አለቀ፣ ቃሬዛው ለለቅሶ ሜዳ ላይ አረፈ፣ ሰው ክብ ሠራ። ከዚያ ዝም አለ። እርስ በርሱ ይተያያል። ሁሉን ያስለቀሰች ሴት መሐል ተጋድማለች፣ የሚያነሣላት የለም። ያ ስትፈራው የኖረችው ዝምታ እንዲሁ በቀን ብርሃን መጣ።

ማርያማዊት ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእናቷ ራስጌ ቆመች። ከሰባት ዓመት በላይ ለዚህ ቀን ስንኝ ስታዘጋጅ ነበር፤ የስፌት መኪናዋ ላይ እየሰፋች፣ ውሃ እየቀዳች፣ መንገድ እየሄደች፣ ስለ ምርኩዙ፣ ስለ ዳገቱ፣ ገበያ ላይ ስለቀረው ጨው። አንዱም አልመጣላትም። ሰው ጠበቀ። ዓይኗን ስታነሣ ከፊት ለፊቷ ወለተ ኪዳን በምርኩዟ ተደግፋ ቆማለች፣ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀችላት፤ በርቺ እንደማለት።

«ተነሺ» አለች ማርያማዊት።

ድምፁ ያው የድሮው ነው፣ ከአንጀት የሚወጣው። ሌላ ቃል የላትም። «ተነሺ» አለች ደግማ። የሮብ ገበያ ሴቶች ዘፈኑን አያውቁትም፤ እነሱ የሰሙት ልጅ እናቷን ስትቀሰቅስ ነው፣ ተቀበሏት። «ተነሺ፣ ተነሺ» እያሉ ደረታቸውን ደቁ፣ ሜዳው ሁሉ አለቀሰ። ታየች ደረቅ ለቅሶ አልተለቀሰላትም።

ሦስተኛውን ስትል ማርያማዊት ቀና ብላ ቃሬዛውን አየች። እንደማይሆን ታውቃለች። ግን ትንፋሿን ያዘችና ጠበቀች።